የእትዬ ኦብዱሊያ ምላስ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መንደሩ በሙሉ ተኝቷል፤ ከምሳ በኋላ እዚህ ውሻ እንኳ አይጮህም፤ መስኮቱ ሁሉ በሳንቃ ተዘግቶ፣ ቀኑ በግድ እንደ ሌሊት ተደርጎ፣ ሰው ሆዱን አቅፎ ያንኮራፋል፤ እኔ ብቻ በዚች ጠባብ አልጋ ላይ ጣሪያ አያለሁ። ከግድግዳው ወዲያ የምንከባከባቸው አሮጊት፣ እትዬ ኦብዱሊያ፣ ይተነፍሳሉ። አራት ዓመት ሙሉ ትንፋሻቸውን ስጠብቅ ኖሬ አሁን ሰዓት ከማየት ይልቅ እሱን መስማት ይቀለኛል፤ እንዲህ ረጅም ሲሆን ገና ይተኛሉ ማለት ነው፤ አጠር ብሎ ፉጨት ሲቀላቀልበት ሊነቁ ነው፣ ነጠላ ጫማቸውን ላቅርብ። አሁን ረጅም ነው። አንድ ሰዓት ያህል አለኝ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል? ታች ምድር ቤት ገበቴው ውስጥ ስልሳ ኪሎ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ተኝቷል፤ እሱም እንደ ሰው ከምሳ በኋላ ያርፋል፤ ሲያበቃ ለመጨረሻ ጊዜ ይቀመሳል፣ ከተቀመሰ በኋላ አንጀት ውስጥ ይሞላል፣ አንዴ ከተሞላ ደግሞ ጨው ልጨምርበት የሚል ሰው አይኖርም። ቀማሿ እትዬ ኦብዱሊያ ናቸው። የእትዬ ኦብዱሊያ ምላስ ደግሞ ሞቷል። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

በልቤ ሁልጊዜ ለእህቴ ለኒሚያ ነገር ሳስረዳ እውላለሁ። እሷ ፓራጓይ ቀይ አፈሩ ላይ ሆና አትሰማኝም፤ ግን ማስረዳት አመሌ ነው። ትምህርቱን ዘጠነኛ ላይ ጥሎ የቀረውን ከስልክና ሰው ከጣለው መጽሐፍ የለቃቀመ ሰው፣ ያወቀውን ለሌላ ካልነገረ ያወቀ አይመስለውም። ስሚ ኒሚያ፣ እኛ አገር ቾሪሶ ስንል ፍም ላይ ጥለን በዚያው ቀን የምንበላውን ቋሊማ ነው፤ የዚህ አገሩ ግን ተሰቅሎ ሦስት ወር የሚከርም ነው፤ ስለዚህ ጨዋታው ሁሉ ጨው ላይ ነው። ሥጋው ይፈጫል፣ ነጭ ሽንኩርት ይወቀጣል፣ ሁለት ሳምንት የባሉጥ እንጨት ጭስ የጠገበ ቀይ በርበሬ ይነሰነስበታል፣ ከዚያ ሁለት ሰው እጅጌውን እስከ ብብቱ ሰብስቦ እንደ ሊጥ ያሸዋል። ጨው ከበዛ አፍ ያቃጥላል፣ በቃ፣ ውሃ ትጠጪያለሽ። ካነሰ ግን ውጪው ቀልቶ ደርቆ ያምርና በየካቲት ስትቆርጪው መሃሉ ግራጫ ሆኖ ይሸታል፤ የዓመቱ ሥጋ እንዳለ ይጣላል። ለዚህ ነው ከመሞላቱ በፊት አንድ እፍኝ ጠብሰው ቀማሽ የሚጠሩት። እትዬ ኦብዱሊያ በዚህ መንደር ሃምሳ ክረምት ቤት ለቤት ተጠርተው ቀምሰዋል። ሚዛን የሚያምን የለም፣ እሳቸውን ነው የሚያምነው። ጎመን ተቀቅሎ፣ ድግስ ተደግሶ፣ አርባ ሰው ቆሞ የሚጠብቀው እሳቸው አኝከው እስኪጨርሱ ነው። «በቃው» ካሉ በቃው፤ «ያንሰዋል» ካሉ ያንሰዋል። ባላቸው ከሞቱ፣ ዶሮዎቹ ከተሸጡ፣ የአትክልት ቦታው ለጎረቤት ከተሰጠ በኋላ የቀረቻቸው ነገር ይቺ አንዲት ቃል ናት።

እንዴት እንዳወቅኩ ልንገርሽ። አልቦንዲጋ የሚሉትን ድቡልቡል ሥጋ ስሠራ ነው። እሳቸው ወንበራቸው ላይ ሆነው በከዘራ እያመለከቱ ነው ያስተማሩኝ፤ የበሬና የአሳማ ሥጋ እኩል፣ ወተት የጠጣ የከረመ ዳቦ፣ እንቁላል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፐርሰሜሎ፤ እጅሽን በውሃ እያራስሽ ታድበለብያለሽ፣ ዱቄት ላይ ታንከባልያለሽ፣ በዘይት ውጪውን ብቻ ታጠነክሪያለሽ፤ ከዚያ ሽንኩርቱ እስኪሟሟ፣ ቲማቲሙ ጣፋጭ እስኪሆን፣ ነጭ ወይኑ ጉሮሮ መቧጠጡን እስኪተው ትታገሻለሽ፤ መጨረሻ ላይ ቾሪሶ እንደ ሳንቲም በስሱ ቆርጠሽ ትጨምሪና ቀይ ዘይቱን ሲለቅ ያን ጊዜ ድቡልቡሉን ትመልሻለሽ፣ በዝግታ ይበስላል። ያለፈው ዓመት ቾሪሶ ደግሞ ጨው ብቻ፣ ባሕር ነበር፤ እትዬ ሦስት ጊዜ ያንሰዋል ብለው ልጃቸው ሦስት እፍኝ ጨምሮበት፣ ዓመቱን ሙሉ መንደሩ አፉን ዘግቶ ውሃ እየጠጣ ነው የጨረሰው። እኔም መስከረም ላይ አንድ ሐሙስ ይህን ረስቼ ሥጋውንም በጨው አሸሁት። ቀመስኩና ወደ ቧንቧው ሮጥኩ። ሌላ የሚበላ አልነበረም፤ እየፈራሁ አቀረብኩ። ሦስቱን ረጋ ብለው አኘኩ። «ያንሰዋል» አሉ። ጆሮዬን አላመንኩም። በማግስቱ ያለ ጨው፣ ያለ ቾሪሶ ሠራሁ፤ ሥጋና ቲማቲም ብቻ። «ያንሰዋል» አሉ። ድምፁ ያው፣ የቅንድባቸው አነሳስ ያው።

ከዚያ ወዲህ ምን እንደማደርግ ታውቂያለሽ? ድስቱ ላይ ቆሜ ባዶ እጄን እጨብጣለሁ፣ ጨው የያዝኩ መስዬ አራግፋለሁ፣ «አሁንስ እትዬ?» እላለሁ፤ «አሁን በቃው፤ እጅሽ እየተገራ ነው» ይሉኛል። ነርሷ የደም ግፊታቸው ወርዷል፣ እግራቸው ማበጡን ትቷል ብላ አመሰገነችኝ። በየቀኑ አንዲት የሰማንያ ሁለት ዓመት ሴት አታልላለሁ፣ እመሰገናለሁም። ያውቁ ይሆን? አንድ ቀን ጸጉራቸውን ሳበጥር፣ ጠይቄያቸው ሳይሆን ከመሬት ተነስተው፣ «እኔ ስጠራጠር እጨምራለሁ ልጄ፤ ከበዛ ውሃ ይጠጡበታል፣ ካነሰ ግን ሰው ይታመምብኛል» አሉ። መጠራጠራቸው ስለ ሥጋው ይሁን ስለ ምላሳቸው አላወቅኩም። ማበጠሬን ቀጠልኩ። እዚህ አገር ከሁሉ አስቀድሜ የተማርኩት ዝም ማለትን ነው።

ጠዋት ኤንካርና፣ ምራታቸው፣ ጥግ ጠራችኝ። «ዙኒ፣ ወርሽ ላይ ነሽ?» አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት። ለምን አልዋሸሁም? «እንግዲያው ገበቴው አጠገብ እንዳላይሽ፤ ክር እየቆረጥሽ ታቀብያለሽ።» ሴት በወሯ ሥጋውን ከነካች ይበላሻል ይላሉ። ዓምና ይህ ከንቱ ነው ብዬ ስለ ባክቴሪያ ያነበብኩትን ሁሉ ዘርዝሬ አስረድቻት ነበር፤ ሰምታ ሰምታ «የአንቺ ስልክ አንድም አሳማ አርዶ አያውቅም» አለችኝ። ስለዚህ ከሩቅ ቆሜ አየሁ። ኤንካርና ጨው መዘነች፣ ባሏ ኤላዲዮና ጎረቤቱ ቲሞቴዮ አሹት፣ ተጠበሰ፣ ለእትዬ ቀረበ። «ያንሰዋል።» ኤላዲዮ ከጨው ጆንያው ጨብጦ ገበቴው ላይ በተነ። ደግሞ ተጠበሰ። «አሁንም።» ደግሞ በተነ። ቲሞቴዮ አፉ በዳቦ ሞልቶ፣ «እትዬ እንዳሉት ነው፣ እኔም ልል ነበር!» አለ። «አንተማ» አሉት፣ «ጫማ ጠብሰን ብንሰጥህ በወይን ታወርደዋለህ።» ሁሉም ሳቀ። ኤላዲዮ ጉንፋን ይዞት ጣዕም አይለይም ነበር፣ እንደ ቡችላ እያስነጠሰ ሳቀ። ኤንካርና የሐሞት ጠጠሯን ፈርታ አትቀምስም። እኔ ደግሞ ለወርሽ ክፉ ነው ተብሎ አልደረሰኝም። ሁለት እፍኝ! ዘንድሮም ባሕር ነው። ዓምና ሁሉም ቻለ፤ ዘንድሮ ግን አንዱ አፉን ይከፍታል፣ ከዚያ ማንም አይጠራቸውም፣ በሚቀጥለው ክረምት በሌላ ቤት ጭስ ሲጨስ በመስኮት ያያሉ። ከጠዋት ጀምሮ ይህን ነው የማላምጠው። ተኚ እላለሁ ራሴን። ተኚ። ምን አገባሽ። የሰው እናት፣ የሰው አሳማ።

ትራሱ ሥር ስልኬ ተንቀጠቀጠ። እናቴ ናት፣ በቪዲዮ። እዚያ ገና ቀትር ነው፣ ሙቀቱ ከድምፅዋ ይሰማል፣ ዶሮ ይሰማል፣ ኒሚያ ስልኩን ይዛላት ይሆናል። ብርድ ልብሱ ውስጥ ገብቼ አነሳሁት።

«ዙኒዬ፣ እስቲ ልይሽ» አለች እናቴ።

ልይሽ አለች። ባለፈው ማክሰኞ ኒሚያ እያለቀሰች በድምፅ የላከችው መልእክት እዚህ ስልክ ውስጥ ነው፤ «እማ ማየት ካቆመች ዓመት ሆናት፤ ስኳሩ ነው፤ እንዳትነግሪያት ብላ አስምላኛለች።» ዓመት! ዓመት ሙሉ በየእሁዱ «ቆንጆ ሆነሻል፣ ወፍረሻል፣ ጀርባሽ ያለው መጋረጃ ደስ ይላል» እያለች።

«አየሽኝ እማ?»

«እንዴታ! ጸጉርሽን እንዲያ ወደ ኋላ ስታስሪው ያምርብሻል።»

ጸጉሬን እስከ ጆሮዬ ከተቆረጥኩ ሁለት ወር ሆኖኛል። ዓይኖቿ ከስልኩ አለፍ ብለው ድምፄን ይፈልጋሉ፤ እንዴት አላየሁትም? የሌላ ሴት ምላስ በሁለት ቀን ድቡልቡል ሥጋ መርምሬ ያወቅኩ ብልጥ፣ የእናቴን ዓይን ዓመት ሙሉ አላየሁትም፤ የማየው ራሴን ነበር፣ በጥግ ያለችውን የራሴን ትንሽ ምስል፣ ከስቼ እንደሆነ።

«አዎ እማ» አልኩ፣ «አንቺ እንዳስተማርሽኝ ነው ያሰርኩት።»

«መቼ ነው የምትመጪው?»

«ወረቀቴ ሲያልቅ።»

ወረቀቴ። ያለ ወረቀት ከዚህ ከወጣሁ መመለስ የለም፣ ወረቀት እንዲሰጠኝ ቀጠሮ ያስፈልጋል፣ ቀጠሮው በስልክ ገጽ ላይ ይጠየቃል፣ ገጹ በየጠዋቱ «ለጊዜው ቀጠሮ የለም» ይላል፤ ዘጠኝ ወር ለጊዜው ነው። የሚሞላውን ቅጽ በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ለሌሎች ሴቶች እያስረዳሁ አስሞላለሁ፣ ለራሴ ግን በሩ አልተከፈተም። እናቴ ደህና ዋይ አለች። ስልኩን ስትዘጋ ጣቷ ቁልፉን ሲፈልግ፣ ሲፈልግ አየሁ።

ተነሳሁ። ለአንዷ ምንም ካልሆንኩ ለሌላዋ ልሁን ብዬ ይሆን? ጫማዬን በእጄ ይዤ ደረጃውን ወረድኩ። ኤላዲዮ ጓሮ ነው፤ እሱም አልተኛም፤ ባልዲ አጠገብ ተንበርክኮ አንጀቱን በሞቀ ውሃና በሆምጣጤ ያጥባል፣ አፍንጫው ቲማቲም መስሏል። ስለ ጨው ልነግርዎ ፈልጌ ነበር ጋሼ ብዬ ጀመርኩ። እጁን አነሳ።

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«እናቴ ምንም ጣዕም አትለይም። ዓምና ከሁለተኛው ቁራሽ ጀምሮ አውቄያለሁ። ምን ላድርግ? እማ ተሳስተሻል ልበላት? በአርባ ሰው ፊት?» በክንዱ አፍንጫውን ጠረገ። «ዘንድሮ ግን አልጨመርኩም። ሁለቱም እፍኝ አየር ነው።»

«አየር?»

«ባዶ እጄን ጨብጬ በተንኩ። ከማን የተማርኩት ይመስልሻል? መስከረም ላይ እሁድ ምሳ ልንበላ መጥተን ድስት ላይ ስታደርጊው አየሁሽ። ጎበዝ ልጅ ነሽ።» ሳቀ፣ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። «ማንም እንዳይሰማ። ኤንካርና ከሰማች በነጋታው ዳቦ ቤት ይወራል። እናቴ ትሙት በይ።»

«ጋሼ፣ እንዲህ ያለ መሐላ…»

«በይ።»

«እናቴ ትሙት» አልኩ። ከእናቴ ጋር ከተነጋገርኩ ሩብ ሰዓት አልሞላም። ግን ደረቴ ቀለለኝ፤ እንግዲህ ሥጋው ደህና ነው፣ ባሕር አይሆንም፣ እትዬም ቃላቸው አይወድቅም። እንዲያውም ምድር ቤት ስገባ ልዘፍን ምንም አልቀረኝም።

ኤንካርና ገበቴው አጠገብ ተቀምጣ ጠባቂ ሆናለች፤ ጉልበቷ ላይ ሳህን፣ ሳህኑ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት። «ራቅ በይ፣ ራቅ» አለችኝ በቢላዋ እያመለከተች። «እዚያ በሩ ጋ ቁሚ። ፊትሽ ምን ሆኗል? የሞተ ሰው አየሽ?»

«አልተኛሁም እትዬ።»

«እኔስ መች ተኛሁ። በእሳቸው ነገር ነው አይደል? ባክሽ አትደብቂ፣ ሁለታችንም ሴቶች ነን፤ አሮጊቷ ጨውን ከስኳር አይለዩም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ዓምና እኔ ነኝ ውሃ በማሰሮ ስጠጣ ያደርኩት። ዘንድሮ ግን ብልሃት አበጀሁ። ለስልሳ ኪሎ አንድ ኪሎ ተኩል ይገባል አይደል? ስምንት መቶ ግራም መዘንኩ። እሳቸው መቼም ያንሰዋል ማለታቸው አይቀርም፣ ልጃቸው መጨመሩ አይቀርም፤ በእነዚያ ሁለት እፍኞች ልኩን መጣ። ማንም አልተቀየመ፣ ማንም አላፈረ። እንዴት ነው ጭንቅላቴ?»

በልቤ ደመርኩ፤ ስምንት መቶ ግራም ሲደመር አየር፣ ሲደመር አየር።

«ለኤላዲዮ እንዳትተነፍሺ» አለች። «ስለ እናቱ እንዲህ አሰበች ብሎ ዓመት ያኮርፈኛል። እናቴ ትሙት በይ።»

«እትዬ ኤንካርና፣ እባክዎ ሌላ ሰው ደግሞ…»

«በይ አልኩሽ! ወይስ ልትነግሪው ነው?»

አልኩ። ሁለተኛ አልኩ። ምድጃው ጠርዝ ላይ የጠዋቱ መጥበሻ አለ፣ ከቀዘቀዘ ስብ ውስጥ አንዲት ቁራጭ ቀርታለች፤ አንስቼ ጎረስኩ። በርበሬው አለ፣ ነጭ ሽንኩርቱ አለ፣ ጭሱ እንኳ አለ፤ ጨው ግን የለም ማለት ይቻላል። አልጫ። እትዬ ኦብዱሊያ ጠዋት ሁለት ጊዜ እውነቱን ተናግረዋል፤ ጣዕሙን ይለዩት አይለዩት እንጃ፣ ግን ያንሰዋል ያሉት ያንሰዋል፤ ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ናቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደግሞ ሁሉም ሰው እያከበረ አልሰማቸውም። ጆንያው ከኤንካርና ወንበር ጀርባ ነው። ሦስት እርምጃ ነው። ሦስት እርምጃ ሄጄ እጄን ብሰድ ትጮኻለች፣ የካቲት ላይ ሥጋው ቢበላሽ የዚያች ልጅ ወር ነው ይባላል፣ ባይበላሽም ይባላል። ለእሷ ባሏ አየር መበተኑን ብነግር፣ ምያለሁ። ለእሱ ሚስቱ ማሳነሷን ብነግር፣ ምያለሁ። በማላምንበት ነገር ለምን እንደዚህ እንደምፈራ ለኒሚያ ማስረዳት አልችልም፤ ዓይኗ የጠፋ እናት ያላት ሰው ሁለት ጊዜ «ትሙት» ብሎ ከማለ በኋላ መሐላውን ማፍረስ እንደማይደፍር እሷው ታውቀዋለች። ከላይ ትንፋሹ አጠረ። ፉጨቱ መጣ። ጫማቸውን ላቅርብ።

አለበስኳቸው። ጥቁሩን ሹራብ፣ ባለ ነጭ ጥለቱን ሽርጥ፤ ዛሬ እሱ ነው የሚሆነው አሉ። ደረጃው ላይ ክንዴን ይዘው ሲወርዱ፣ «እትዬ፣ እውነት ያንሰዋል?» አልኳቸው በጆሯቸው። ቆሙ። «አልኩ እኮ» አሉኝ። ክንዴን ለቀው የደረጃውን መደገፊያ ያዙ። አፈርኩ። ምድር ቤቱ ሞልቷል፤ ቲሞቴዮ ከነሚስቱ፣ የላይ ሰፈር ዘመዶች፣ የተሰቀለ አምፖል፣ የበርበሬ ሽታ፣ የመሙያው ማሽን ጠረጴዛ ላይ ታስሯል። ወንበራቸው ተቀምጦ ይጠብቃል። አዲስ እፍኝ ተጠበሰ፣ በሹካ ቀረበ። አኘኩ። ሰው ሁሉ ጉንጫቸውን ያያል። ዋጡ።

«ያንሰዋል።»

«እሺ እማ!» ኤላዲዮ ወደ ጆንያው ጎንበስ አለ፣ ጨበጠ፣ በሰፊው በተነ። ቅርብ ስለነበርኩ አየሁ፤ ከጣቶቹ መሃል ምንም አልወረደም። ቲሞቴዮ ማሸት ጀመረ።

«ጋሼ ኤላዲዮ» አልኩ፣ ድምፄ ከማንም በላይ ወጣ፣ «ጨው ይጨምሩ። እውነቴን ነው፣ በጣም ያንሰዋል።»

ሁሉም ዞረ። ኤላዲዮም ዞረ፣ አየኝ፣ ፊቱ በራ፣ በአንድ ዓይኑ ጠቀሰኝ። ጨዋታውን እያገዝኩት መስሎታል! «እንግዲያው ሁለት ሆኑብኝ!» አለና ሌላ ባዶ እፍኝ በተነ፤ ከመጀመሪያው የበለጠ ክንዱን ዘርግቶ፣ እንደ ዘሪ። ኤንካርና ደግሞ ከወዲያ በኩል በጣቷ በቃ፣ በቃ ትለኛለች፤ ለእሷ አሁን ሦስተኛው፣ አራተኛው እውነተኛ እፍኝ ነውና ባሕር ሊሆንባት ነው።

«አልገባዎትም ጋሼ፣ እኔ ቀምሼዋለሁ…»

«አንቺ!» አለች ኤንካርና። «በወርሽ?»

«የተጠበሰውን ነው…»

«እስቲ ተዉአት!» እትዬ ኦብዱሊያ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። እጄን ስበው ወደ ወንበራቸው አስጠጉኝ፤ ሲያረጁ እንዲህ ያለ ጉልበት ከየት ይመጣል? «ሰማችኋት? ከዓለም ጫፍ የመጣች ልጅ፣ አራት ዓመት ድስቴ ላይ ቆማ የቀማሽ ምላስ አወጣች! ከእናንተ አንዳችሁም አላላችሁም፣ ጨው ማነሱን የለየችው እሷ ናት። እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ከርሞ አጠገቤ ተቀምጣ ትቀምሳለች፣ ሰምታችኋል?» ሰው አጨበጨበ። ቲሞቴዮ «ታዲያ ከእኔ በላይ ወይን ትጠጣለች ማለት ነው?» አለ፣ ሳቁ፤ ሚስቱ በማንኪያ ወገቡን አለችው። እትዬ ቀና ብለው አዩኝ። በአራት ዓመት ውስጥ እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም። ያ ዓይን እላዬ ላይ እያለ ምን ልበል? ልጅዎ እጁ ባዶ ነው ልበል? ለምን ባዶ ሆነ ሲባልስ? ምላስዎ ሞቷል ብለው ነው ልበል? አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው «አመሰግናለሁ እትዬ» ሆነ።

መሙላት ጀመሩ። ኤላዲዮ እጀታውን ያዞራል፣ ሥጋው በቀይ ገመድ አምሳል ይወጣል፣ ኤንካርና አንጀቱን እየያዘች ትመራለች፣ ቲሞቴዮ በየስንዝሩ ያስራል፣ እኔ ክር አቀብላለሁ። አንድ ክንድ። ሁለት ክንድ። በየክንዱ አሁን እናገራለሁ እላለሁ። አምስት ክንድ። መሐላ ምንድን ነው፣ ቃል ነው፣ ቃል ደግሞ አየር ነው፣ ኤላዲዮ እንደበተነው አየር። ስምንት ክንድ ላይ ኤንካርና ሌላ አንጀት ልታመጣ ወደ ጓሮ ወጣች፣ ቲሞቴዮ ብርጭቆውን ሊሞላ ዞረ። ጎንበስ አልኩ።

«ጋሼ፣ እትዬ ኤንካርና ጠዋት ጨውን በግማሽ ነው የመዘኑት። እርስዎ ይጨምራሉ ብለው። ጨው የለውም ማለት ይቻላል። እናትዎ ልክ ናቸው።»

እጀታው ቆመ። በዝግታ አየኝ፤ መጀመሪያ አልገባውም፣ ከዚያ ሲገባው አየሁ፤ የጉንፋኑ ቅላት ከፊቱ ሲወርድ አየሁ። ወደ ገበቴው አየ። ወደ ተሞላው ስምንት ክንድ አየ። ገና ይቻላል፤ አንጀቱን ሰንጥቆ፣ ሥጋውን መልሶ፣ ጨው ጨምሮ እንደገና ማሸት ነው፣ የሁለት ሰዓት ሥራ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ብቻ ለምን እንደሆነ መናገር አለበት። በአርባ ሰው ፊት እጁን ከፍቶ ማሳየት አለበት። ወደ እናቱ አየ። እናቱ በዚያ ሽርጥ፣ በዚያ ወንበር፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ለቲሞቴዮ ሚስት ምላስ እንዴት እንደሚገራ ያስረዳሉ።

«ምን ቆማችሁ?» አሉ።

ኤላዲዮ አፉን ከፈተ። ትንፋሹን ሰማሁት፤ ረጅም ነበር።

«ምንም አይደል እማ» አለ። «ክር አልቆብን ነው።»

ክሩ በሁለት እጄ ሙሉ ነበር። እሱም ያየዋል። ኤንካርና አዲሱን አንጀት ይዛ ተመለሰች፣ ቲሞቴዮ አፉን እየጠረገ ቦታው ገባ። ኤላዲዮ እጁን ዘረጋልኝ፣ ሳያየኝ።

«ክር» አለ።

ሰጠሁት።